የአባባ ድንጋይ የመጨረሻ መስመር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? አሁንም ደረጃውን እየቆጠርሽ ነው የምትወጪው ወይስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያቺ ባለፈው ገና በእናቷ ሆድ የነበረችው የልጅሽ ልጅ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር እንደ ብረት ነኝ። ወገቤም ቢሆን የድንጋይ እንጂ የዕድሜ ሕመም አይደለም፤ በዚህ እንዳትስቂብኝ። ባለቤቴም ሰላም ትልሻለች። ምን እንደምጽፍልሽ ስላወቀች ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው።

አሁን ፖስታውን እያገላበጥሽ የማን ጽሕፈት ነው ብለሽ አትድከሚ። ለምኜ ያስጻፍኩት አይደለም። የኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ የኔ። ፊደሎቹ ወፈር ወፈር ካሉብሽ ሠላሳ ዓመት መሮ የያዘ እጅ እርሳስ ሲይዝ ወረቀቱን ድንጋይ ስለሚያደርገው ነው። ሁለት እርሳስ ሰብሬያለሁ። አንዱን ገጽ በጣም ተጭኜው ጽሑፉ ጠረጴዛው ላይ ስለታተመ፣ ባለቤቴ ፖስታ ቤት የምትወስደው ጠረጴዛውን ነው ወይ ብላኛለች።

ትዝ ይልሻል? ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ሳለ፣ ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ብናኝ ላይ በጣትሽ እየጻፍሽ አራት ፊደል አስተማርሽኝ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ከዚያ ሠርግሽ ደረሰና ቆመ። ጊዜ የለኝም አልሽኝ። ከሠርግሽ በኋላ ስትመጪ ደግሜ ብጠይቅሽ፣ አንተ እጅ አለህ፣ ዓይንህ እኔ አይደለሁም ወይ ብለሽ ፀጉሬን አሻሸሽኝ። ስለዚህ ከመ ተነሥቼ ሠ ለመድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በክፍላችን ይህን ያህል መንገድ የተጓዘ እንደሌለ ለመምህርታችን ነግሬያታለሁ። እሷም ምንም አልተከራከረችኝም።

የማታ ትምህርቱ ከልብስ ስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው አዳራሽ ነው። ቀን ቀን ሕፃናት ስለሚማሩበት ወንበሩ የነሱ ነው፤ ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችንን ይነካል። ዐሥራ አንድ ነን። ከጎኔ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊው ነው፤ አፉ ከመርፌው የባሰ ሰው። በሦስተኛው ወር ጋዜጣ አነበብኩ። እርግጥ ጋዜጣው የአምና ነበር፤ ለኔ ግን ትኩስ ነው፣ ከዚያ በፊት ማን አንብቦልኝ ያውቃል?

ታዲያ ከአምስት ሳምንት በፊት መምህርታችን የቤት ሥራ ሰጠችን። እያንዳንዳችሁ የአያታችሁን የዘር ሐረግ ፈልጉ፤ ከሰው የሰማችሁትን አልፈልግም፣ የተጻፈ ነገር ፈልጋችሁ ራሳችሁ አንብባችሁ ንገሩን አለች። ጫማ ሰፊው ራሱን እያሻሸ፣ የኔ አያት ትቶልኝ የሄደው መላጣ ብቻ ነው፣ እሱን ነው የማነበው ብሎ ክፍሉን አሳቀ። እኔ ማንም ሳይጠራኝ ተነሣሁ። የኔ የቤት ሥራ ክብደቱ ከዚህ አዳራሽ ይበልጣል፣ ተሸክሜ አላመጣውም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ተከተሉኝና በቦታው አነብላችኋለሁ አልኩ። ጉራ ነው ትይኛለሽ። ጉራማ ነው። ግን እትዬ፣ እኔ ባልኮራ ማን ይኮራ? አንቺ ያስጠናሽኝን ሐረግ እንደ ዘፈን አውቀዋለሁ። አያታችን አባባ የግንበኞች አለቃ ልጅ፣ አለቃው የዳኛ ልጅ፣ ዳኛው የድልድይ ሠሪ ልጅ። የምጠርበው የምፈልጠው ሁሉ ይህን ሐረግ እያዜምኩ ነበር።

ድንጋዩን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ልንገርሽ፣ ስለሱ ማውራት ደስ ይለኝ ነበርና። የአባባን የመቃብር ድንጋይ ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ ነው የጠረብኩት። አርባ ቀን ሙሉ። አንቺ በወረቀት የጻፍሽውን፣ አባባ እንዳስተማሩኝ ወረቀቱን ዘቅዝቄ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ቅጠል እንደ ቁልፍ ቅርጹን እያየሁ ቀዳሁት። አየሽ፣ ማንበብ የሚያውቅ ጠራቢ ይሳሳታል፤ የሚጠርበው ያሰበውን ቃል እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። እኔና አባባ ማንበብ ስለማናውቅ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም። ከተማው ሁሉ ይመሰክራል።

ከሁሉ የምወደው የመጨረሻውን መስመር ነበር። አንቺ ስታነቢልኝ፣ «ይህን ድንጋይ የጠረበው የልጅ ልጁ ነው» ይላል አልሽኝ። እትዬ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት! ደንበኛ በመጣ ቁጥር ለናሙና ወደዚያ እየወሰድኩ፣ በጣቴ አንጓ መስመሩን ቆርቆር እያደረግሁ፣ እስቲ አንብቡት፣ የጠረበው ማነው ይላል እል ነበር።  ቀና ብለው አንዴ ካዩኝ በኋላ ፊታቸውን ወደ ዛፉ የሚያዞሩ ነበሩ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዴት ያለህ ትሑት ሰው ነህ አለችኝ። በሕይወቴ ትሑት ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ኀዘኑ አእምሮዋን ነክቷት መስሎኝ አዘንኩላት።

እሑድ ደረሰ። ኮቴን ለበስኩ። ዐሥሩም መጡ፤ መምህርታችን እንኳ ጃንጥላ ይዛ መጥታለች። ድንጋዩ ፊት ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጥርት አድርጌ አነበብኩ። የአባባን ስም፣ ሥራቸውን፣ ያረፉበትን ቀን። ቀጥሎ የልጃቸውን፣ የአባታችንን ስም። ቀጥሎ «የልጅ ልጅ» ብሎ ያንቺን ስም። ያንቺ ብቻ መሆኑ ልቤን ጫር አደረገኝ፤ ግን የኔ ከታች ስላለ ነው ብዬ አለፍኩት። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ማለት ይቻላል፣ እንደለመድኩት አልኩት።

ጫማ ሰፊው ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቆይ እንጂ አንተ፣ እኔ ገና «የጠረበው» ላይ ነኝ፣ አንተ የት ደረስክ አለኝ። ሳቅን። እሱ ግን ቀጠለ። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሚስማር እየመታ ቀጠለና መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መምህርታችን ዞረ። ሂድ ወደ ጫማህ፣ ፊደል ያንተ ሥራ አይደለም ብዬ ቀለድኩበት።  መምህርታችን ጃንጥላዋን አጠፈችና፣ ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡት፤ በቃልዎ ሳይሆን በዓይንዎ አለችኝ።

አነበብኩት። በ፣ ቤ፣ ቱ። ያ፣ ደ፣ ገ። ሠ፣ ራ፣ ተ፣ ኛ።

«ይህን ድንጋይ የጠረበው በቤቱ ያደገ ሠራተኛ።»

ዐሥር ፊደል ናቸው እትዬ። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን ሰጥቻቸዋለሁ። የ«ኛ»ን ራስ ለማለስለስ ብቻ ሁለት ጊዜ መሮ ስያለሁ። በገዛ እጄ ራሴን ከቤተ ሰቡ አውጥቼ፣ ያም ሳይበቃኝ ሰው እየጠራሁ አስመርቄዋለሁ።

 ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ ልል ነበር፤ የቆምኩበት ቦታ ቀልድ የማያውቅ ቦታ ስለሆነ ቃሉን መልሼ ዋጥኩት። ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብሎ እግሬን ያይ ጀመር። ይሄ ተረከዝ እኮ አልቋል፣ ነገ አምጣው አለኝ። ደግ ሰው ነው። ያን ቀን ከዚያ የተሻለ ነገር የተናገረኝ የለም።

ቤት እንደገባሁ የቆርቆሮ ሣጥኔን አወረድኩ። የጠረብኩበትን ወረቀት ሁሉ እንደማስቀምጥ ታውቂያለሽ። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሕተት እንዲገኝብኝ ጸለይኩ። ወረቀቱ ያንቺ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ ወይቧል። ፊደል በፊደል አስተያየሁት። አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ያ ቀን ተመልሶ መጣብኝ። አባባ አልጋ ላይ ነበሩ። አንቺም ከባለቤትሽና ከአማትሽ ጋር መጥተሽ ነበር፤ እነሱ ሳሎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አባባ ድንጋዬ ላይ የሚጻፈውን ልንገርሽ ብለው አንቺን ብቻ አስገቡሽ። እኔ መስኮቱ ሥር መሮ እስል ነበር። ቃሉን አልሰማሁም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አባባ ጮክ ብለው፣ ጻፊ፣ እንዳልኩሽ ጻፊ ሲሉ ሰማሁ። ዓይንሽ ቀልቶ ወጣሽ። ስለ አባባ ያለቀስሽ መስሎኝ እኔም አለቀስኩ። በክንዴ ይዘሽ ወደ ውኃው በርሜል ወሰድሽኝና በሹክሹክታ አነበብሽልኝ። ለምን በሹክሹክታ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል አልኩ።

ከዚያ ወደ አባባ ገባሁ። ይህን አንቺ አታውቂውም፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የእጄን አንጓ ያዙኝ። አነበበችልህ አሉኝ። አዎ አባባ አልኩ። አላፈርክም አሉኝ። እኔም፣ ምኑ ነው የሚያሳፍረው፣ ይህማ ኩራቴ ነው፣ ከሁሉ አጥልቄ ነው የምጠርበው አልኳቸው።  እንባቸው በጉንጫቸው ሳይሆን፣ ተኝተው ስለነበር፣ ወደ ጆሯቸው ወረደ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ እንግዲህ ዐረፍኩ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

ያወቅሁ መስሏቸው ሞቱ እትዬ። እውነቱን ነግረውኝ፣ ሰምቼ፣ ተቀብዬ፣ ኮርቼበት መስሏቸው ነው የሞቱት። ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን የተነጋገርነው ስለ ሁለት የተለያየ ወረቀት ነበር።

 እናታችን አንተን ወልዳ ሞተች ያልሽኝስ? ልጅ ሳለሁ በልደቴ ቀን ተደብቄ የማለቅሰው ለማን ኖሯል? እኔ ገደልኳት ብዬ ይቅርታ ስጠይቃት የኖርኳት እናት ያንቺ እናት ናት፤ እኔን አታውቀኝም፤ ምናልባትም እኔ ወደዚያ ቤት ከመምጣቴ በፊት ሞታ ነበር። ይህን አንቺ ታውቂ ነበር። ሳለቅስ የሚያይ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን፣ ተው፣ አንተ አይደለህም አይልም?

መዶሻና መሮ ይዤ ልወጣ ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች። ልፍቀው ነው አልኳት። ድንጋይ ላይ ስርዝ ድልዝ የለም እያልክ ስንቱን ያስጨነቅህ አንተ አይደለህም አለችኝ። መጀመሪያ የምትፍቀው ነገር ምን እንደሆነ እወቅ፤ ከዚያ እኔ ራሴ መሰላሉን እይዝልሃለሁ አለች። መሰላል የማያስፈልግ መሆኑን ታውቃለች፤ እንዲያው ከጎንህ ነኝ ማለቷ ነው።

ስለዚህ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የቤት ሥራውም እንደሆነ አላለቀም፤ ሐረጉን ፈልጉ ነው የተባልነው። ታውቂዋለሽ፣ ያ ወለሉ የሚንቋቋ፣ አሮጌ ወረቀትና እርጥበት የሚሸት ቤት። ታውቂዋለሽ ያልኩት አሁን ነው እንጂ ያኔ ታውቂዋለሽ ብዬ አልጠረጠርኩም። መዝገብ ያዡ የሻይ ብርጭቆውን በመዝገብ ከድኖ የሚጠጣ ሰው ነው። የሚያነብልህ ሰው ይዘሃል ወይ አለኝ። ይዣለሁ፣ ሁለቱም እዚሁ ፊቴ ላይ ናቸው ብዬ ዓይኖቼን አሳየሁት። ሳቀና የአባባን የልጅነት ሰፈር መዝገብ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ አወጣልኝ።

የግንበኞቹን አለቃ ፈለግሁ። ዳኛውን ፈለግሁ። መዝገብ ያዡ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በጣቴ እየተከተልኩ ቤት በቤት አነበብኩ። ከዚያ አንድ ቤት አገኘሁ። የቤቱ ባለቤት ድንጋይ ጠራቢ። ሚስቱ። ልጅ፦ የላቸውም። በሦስተኛው ረድፍ የአባባ ስም። ዕድሜ፦ በግምት ዐሥራ አራት። የአባት ስም፦ አይታወቅም። ቀጥሎ፣ ለባለቤቱ ምኑ ነው በሚለው ሥር፣ በጥቁር ቀለም ዐሥር ፊደል።

እነዚያን ዐሥር ፊደሎች ማንበብ አላስፈለገኝም እትዬ። ቅርጻቸውን አውቀዋለሁ። ጠርቤያቸዋለሁ።

ገጹን ገለጥኩ፤ ዳኛው የለም። መልሼ ገለጥኩ፤ ድልድይ ሠሪው የለም። መዝገብ ያዡ አንገቱን አስግጎ፣ ከዚህ ወደ ላይ የለም ወንድሜ፣ ሐረጉ እዚህ ላይ ቆሟል አለኝ። ከፈለግህ ያንተን ገጽ ልፈልግልህ አለኝ። አይ፣ የኔን ራሴ ጽፌዋለሁ አልኩት። ምን እንደሆንኩ አልገባውም።

ልወጣ ስል መዝገብ ያየ ሁሉ ካርዱ ላይ ይፈርማል አለና ለአውራ ጣቴ ቀለም አቀረበልኝ። እንዴት ደፈርከኝ! ቀለምህን ወዲያ አድርግ፣ ካርዱን ወዲህ በል፣ እኔ በእጄ ነው የምፈርመው አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ወረፋ የያዙት ሁሉ እንዲሰሙ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ፊርማዬ ነው፣ ላክብረው ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ካርዱ መዝገቡ ጀርባ ላይ የተለጠፈ አሮጌ ወረቀት ነው። ከኔ በፊት ያን መዝገብ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስሙን ሳላነብ በፊት እጁን ዐወቅሁት። የአንዳንድ ሰው ጽሕፈት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ያንቺ ፊደል ግን አንድ እግሩን ቀደም አድርጎ የቆመ ሰው ይመስላል። ስንቱን ድንጋይ ባንቺ እጅ ጽሕፈት ጠርቤ፣ እንዴት አላውቀው? የእጄን መዳፍ እንኳ እንደዚያ አላውቀውም። ከጎኑ ቀን አለው። ከሠርግሽ ሁለት ሳምንት በፊት ነው።

አራቱን ፊደል አስተምረሽኝ ያቆምሽበት ሳምንት ነው እትዬ።

ከስምሽ በታች ፈረምኩ። መዝገብ ያዡ ፊደሎቼን አየና፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ አለኝ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከሠርግሽ በፊት አማትሽ ቤታችን መጥታ፣ ለመሆኑ አያትሽ የማን ልጅ ናቸው ያለችበት ቀን ትዝ አለኝ። አንቺ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ የግንበኞቹን አለቃ፣ ዳኛውን፣ ድልድይ ሠሪውን እንደ ውኃ አወረድሽው። እኔ በኩራት ላብጥ ደረስኩ። አባባ ግን ጉልበታቸውን እያዩ ተቀመጡ። ያን ዕለት እስኪተኙ አልተናገሩም። አሁን ነው የገባኝ። አንቺን ላለማዋረድ ሲሉ የሰው አያት ተሸክመው ኖሩ። ሊሞቱ ሲሉ ግን አንዲት መስመር ለራሳቸው ወሰዱ፤ እሷንም በኔ በኩል አስጻፉ።

መዝገብ ቤት የሄድኩት ስድብ ልፈልግ ነበር፤ እህቴ ሰደበችኝ ብዬ። ስድብ አልነበረም። አባባ ያላቸውን ስም ነው የሰጡኝ፤ ሌላ ስም አልነበራቸውም። አንቺ ደግሞ ምን እንደሰጡኝ ታውቂ ነበር። ካርዱ ይናገራል። ድንጋዩ ላይ ቢጻፍ ለአማትሽ ምንም አይነግራትም፤ አንድ ሠራተኛ ነው ብላ ታልፈዋለች። እኔ ግን እውነተኛውን ብሰማ ኖሮ ገብቼ፣ አባባ ለምን ብዬ እጠይቃቸው ነበር፤ ቢጠየቁ ደግሞ ይናገሩ ነበር፤ ሳሎኑም ሰው ሞልቶበታል። ስለዚህ ሹክ አልሽኝ። እትዬ፣ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። የተሰጠኝን ከእጄ ላይ ወስደሽ፣ በምትኩ የሚያብረቀርቅ ነገር አስይዘሽ ላክሽኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት እሱን ሳሳይ ዞርኩ።

ዓይንህ እኔ ነኝ ያልሽኝን አምኜሽ ነበር። ሌላው ሁሉ ይቅር። ይህን ነው መተው ያቃተኝ።

መዶሻና መሮዬን ይዤ በማግሥቱ ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። ባለቤቴም መጣች፤ መሰላሉን በእውነት ተሸክማ መጣች፣ ምን አይነት ሴት እንዳገባሁ እይልኝ። መስመሩ በዝናብ ደብዝዞ ነበር። ለአባባ ከሁሉ አጥልቄ እጠርበዋለሁ ብያቸው፣ ያኔ እኩል ነው የጠረብኩት። ዐሥሩንም አጠለቅኳቸው። በዚህ ጊዜ ወረቀት አልዘቀዘቅሁም። እያነበብኩ ነው የጠረብኩት፤ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ የመዶሻውን ብረት ገልብጬ አየሁት። አባባ ሲሰጡኝ ጎኑ ላይ ሦስት ጭረት ነበረው፤ ያንተን ጨምር ብለውኝ አራተኛውን እኔ ጫርኩ። ሦስተኛው የሳቸው ነው። ሁለተኛው፣ ጌታዬ እያሉ የሚያነሷቸው የሽማግሌው ጠራቢ፣ የመዝገቡ የቤት ባለቤት። አንደኛው የማን እንደሆነ ሽማግሌውም አያውቁም ነበር አሉ። የቤት ሥራዬን ይህን አድርጌ ጻፍኩ። አንድ የማይታወቅ፣ አንድ ሽማግሌ፣ አባባ፣ እኔ። ፊት ለፊት ቆሜ ሳነብ መዶሻውን ለማስረጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጫማ ሰፊው አነሣና መዝኖት፣ እንዲህ የከበደ ዘመድ አይቼ አላውቅም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ያላሰብኩትን ቀልድ ቀለደብኝ። መምህርታችን ግን፣ እኅት የለዎትም ወይ አለችኝ። አለችኝ፣ ቦታዋን በእርሳስ ትቼዋለሁ አልኳት።

አየሽ፣ ያንቺ ሐረግ በደም ሲቆጠር አባባ ላይ ደርሶ ይቆማል። የኔ እሳቸውን አልፎ ሁለት ይሄዳል። እኔ በለጥኩሽ። ይህን ስጽፍ እንደ ድሮዬ ልኮራበት ሞከርኩ፤ ኩራቱ ግን ከንፈሬ ላይ ደረሰና ደረቀ። ካንቺ በልጬ ምን አደርገዋለሁ? የምኮራው እኮ ላንቺ ለመናገር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ያን ቀን በርሜሉ አጠገብ ዓይንሽ ቀልቶ ሳለ ያለቀስሽው ለኔ አዝነሽ ነው ወይስ በሳቸው አፍረሽ? ለኔ ከሆነ አንዲት መስመር ይበቃኛል። በሳቸው ከሆነ ግን እሑድ እሑድ ድንጋዩ ጋ ነኝ፤ ነይና ለሳቸው ንገሪያቸው። በስልክ አትደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ከሰማሁ እንደ ልማዴ ያልሽውን ሁሉ አምናለሁ። ጻፊልኝ። ፖስታውን የሚከፍተው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ በመካከላችን የሚቆም አንባቢ የለም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደረጃውን ሳትቆጥሪ የምትወጪበትን ቀን ያምጣልሽ። ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጆችሽ ካንቺ ቀድመው አይሂዱ። ያቺ የልጅሽ ልጅ ደግሞ አድጋ ፊደል የምትቆጥርበት ቀን ሲደርስ፣ እባክሽ እትዬ፣ መ ላይ አታቁሚባት።

በአባባ ቤት ያደገው